ቡልቡላ የቆመችበት ደለል

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ርዕደ መሬት የአዲስ አበባን ፎቆች ሲያወዛውዝ በሰነበተበት ወቅት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኝ ነበር፡፡ «መሬት የሚንቀጠቀጠው የምድር ንጣፎች ሲጋጩ ነው ከተባለ፣ እኛ ዘንድ ምኑ ከምኑ ተጋጨ?»

ዛሬ የተጋጨ ነገር የለም፡፡ የኑቢያና የሶማሌ ንጣፎች የሚባሉት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ነው፡፡ ግጭቱ የጥንት ነው፡፡ ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አህጉራት ተላትመው ሲጣበቁ የምሥራቅ አፍሪካ ዐለት ተጨፍልቆና ተሰነጣጥቆ ቀረ፡፡ መሬት ሲጎተት ደግሞ ድሮ በደከመበት መስመር መላቀቅ ይቀለዋል፤ ስምጥ ሸለቆውም ሲከፈት በከፊል እነዚያን ጠባሳዎች ተከትሏል፡፡ የዘመናችንን ግጭት ማየት የፈለገ ወደ ኢራን ይመልከት፡፡ ከአፍሪካ የተለየችው ዐረቢያ እዚያ ከእስያ ጋር እየተላተመች የዛግሮስን ተራሮች አቁማለች፤ የቆዩ ስንጥቆችን ቀስቅሳም የፋርስ ባሕረ ሰላጤን ደለል አጉብጣለች፡፡

የእኛው ደለል ያለው የብስ ላይ ነው፡፡ ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ሲጓዙ ቡልቡላ ላይ የወንዙን ገደል ልብ ብለው ካዩ ነጣ ያለ፣ በስሱ የተነባበረ አፈር ያገኛሉ፡፡ የሐይቅ ወለል ነበር፡፡ ከጥቂት ሺሕ ዓመታት በፊት በነበረው የዝናብ ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው፣ ትርፍ ውኃቸው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር፡፡ የአብያታ ገጽ ዛሬ ከዚያ በ90 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል፡፡ ከከተማዋ በስተምሥራቅ አሉቶ ላይ ለእንፋሎት ኃይል ጥልቅ ጉድጓዶች ሲቆፈሩም ከእሳተ ገሞራው ዐለት ሥር ሌላ፣ ከዚህ የቀደመ የሐይቅ ደለል ተገኝቷል፡፡ ወለሉ ይሰምጣል፣ ውኃ ይሞላዋል፣ ደለል ይተኛበታል፤ ከዚያ የወንጂ ስንጥቅ መስመር እንደገና ይንቀሳቀስና የተኛውን ይቆርጠዋል፡፡

ይህ የጂኦሎጂስቶች ወሬ ብቻ አይደለም፡፡ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ክፉኛ ያናወጠው ርዕደ መሬት መነሻው ላንጋኖ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል፤ መጠኑም ከ6.5 እንደማያንስ ይገመታል፡፡ ለስላሳ ደለል ደግሞ ንዝረትን ያጎላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ የተነሳው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር፤ በብዛት የወደቁት በጥንት ሐይቅ ወለል ላይ የተሠሩት ፎቆች ናቸው፡፡ የቡልቡላ ደለል የሜክሲኮን ያህል ወፍራምና ጭቃማ ነው ማለቴ አይደለም፡፡ ግን ደለል ነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ በስምጥ ሸለቆው ከከባድ ዝናብ በኋላ ማሳና መንገድ በድንገት ሲሰነጠቅ ይታያል፡፡ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ አዲስ አይደለም፤ ደለል የሸፈነውን አሮጌ ስንጥቅ ጎርፍ ከሥር ሲያጥበው ክዳኑ ይደረመሳል፡፡

ቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳን በ2013 ዓ.ም. አስመርቃለች፤ ፎቅ የሚያስቡ ባለሀብቶችም አይጠፉም፡፡ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ብር የማወጣው ለአፈር ምርመራ ነው፡፡ የፎቁ ቁጥር ከውጤቱ በኋላ ይወሰናል፡፡