ስለ ጓሮ አትክልት ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ፤ ከጤና አንጻር

ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ቃሪያ ከገበታችን ላይ የተጨመሩ እንደሆነ ሰውነት ከእህል ብቻ የማያገኘውን ምግብ ያገኛል። ቪታሚን ኤ የጎደለበት ሕፃን በዳፍንት ይያዛል፤ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲበረቱበትም ለመቋቋም ኀይል ያንሰዋል። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ሁለት መደብ አትክልት ይተከል ዘንድ የጤና ሠራተኞች ሳያቋርጡ ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚህ አያበቃም። አትክልቱ በምን እንደሚዳብር፣ በመካከሉ የበቀለው አረም መቼ እንደሚነቀል፣ ትሉም በምን እንደሚገደል ለገበሬው ብቻ የተተወ ጉዳይ መስሎ ይታያል። እውነቱ ግን ወደ መደቡ የገባው ሁሉ ዞሮ ወደ ገበታ የሚመጣ መሆኑ ነው። ስለሆነም ሦስቱን ጉዳዮች በተራ እንመልከት።

1ኛ፤ ስለ ማዳበሪያ

የሰሃላ ምድር ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላ ነው። ዝናሙ አጭር፣ አፈሩም በጎርፍ የታጠበ ነው። የሰቆጣ ዙሪያ ደጋ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም በአፈሩ ስስነት ከቆላው እምብዛም አይለይም። እንግዲህ አትክልት ለመብላት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አፈሩን መመገብ አለበት።

በአካባቢያችን የማገዶ እንጨት ስለ ሳሳ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበቱ ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን፣ ይኸውም ቅጠልን የሚያለመልመው ንጥረ ነገር፣ ከጭሱ ጋር ተኖ ይጠፋል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው አመዱ ነው። አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ስላለበት ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም ብቻውን ማዳበሪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከሚጋገረው ኩበት ጥቂቱን ቀንሶ ለአትክልቱ ማስቀረት ይገባል።

እበቱ ግን ጥሬውን መሬት ላይ የሚጣል አይደለም። በጥሬ እበት ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን አሉበት፤ እንደ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ያለ ሳይበስል የሚበላ አትክልት ከነካው በቀጥታ ወደ አፍ ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘርም በእበትና በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ እግሩ የቆሰለ ሰው በባዶ እግሩ ገብቶ ሲቆፍር በቁስሉ በኩል ሊይዘው ይችላል። የሰው ዐይነ ምድርማ ከሁሉ የባሰ ነው። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ፣ ሳይሞት ይቆያል። የመንጠቆ ትል ደግሞ የእግርን ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚህም በቀር ትራኮማን ከሕፃን ዐይን ወደ ሕፃን ዐይን የምታዛውረው ዝንብ ከሁሉ ይልቅ መራባት የምትወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው። ስለዚህ ከአትክልቱ ጓሮ መጸዳዳት ማዳበሪያ መስጠት ሳይሆን በሽታ መዝራት ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጥራጊም በጓሮ አትክልት ላይ መዋል የለበትም።

መድኃኒቱ ማብላላት ነው። በቆላ አገር ክምር ቶሎ ስለሚደርቅ ጉድጓድ ይሻላል። ጥላ ባለበት ስፍራ፣ ከመጠጥ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ጥልቀቱም ስፋቱም አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከታች አንድ ስንዝር ያህል የማሽላ አገዳ ተቆራርጦ ይነጠፋል፤ በላዩ አንድ ስንዝር እርጥብ ቅጠልና ፍሬ ያልያዘ አረም፤ በዚያም ላይ አራት ጣት እበት፤ ከዚያ ጥቂት አመድና አፈር ይነሰነስበታል። እጅና ዕቃ የታጠበበት ውሃ ይርከፈከፍበታል። ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ እየተደጋገመ ከተነባበረ በኋላ በአፈርና በቅጠል ይሸፈናል፤ በመካከሉም ረዥም እንጨት ይሰካል።

ይህ እንጨት የጓሮው ቴርሞሜትር ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ተነቅሎ ሲዳሰስ ትኩስና ርጥብ ከሆነ ሥራው በመልካም ተጀምሯል ማለት ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመር፤ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ውሃው በዝቷልና ደረቅ ገለባ ይጨመር። በመልካም የሚብላላ ጉድጓድ መካከሉ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል፤ ይህ ሙቀት ለቀናት ከቆየ ተሕዋስያኑን፣ የትሉን እንቁላልና ብዙውን የአረም ዘር ይገድላል። ዳር ዳሩ ግን እንደ መካከሉ ስለማይሞቅ በየሦስት ሳምንቱ ውጩን ወደ ውስጥ እያደረጉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብስባሹ ይጠቁራል፤ ሽታውም ዝናም የነካው አፈር ሽታ ይሆናል። ያን ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይበቃል።

ዩሪያ የሚጠቀም ሰው ከፍየሎች አርቆ ያስቀምጠው፤ ፍየል የላሰችው እንደሆነ ትሞታለች። ባዶ ከረጢቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቋንቋችን ማናቸውንም የላስቲክ ከረጢት «ማዳበሪያ» እያልን መጥራት ስለ ለመድን፣ የኬሚካል ማዳበሪያ የነበረበትን ከረጢት አራግፈን ዱቄት እንሞላበታለን። ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

2ኛ፤ ስለ አረም

አረም የአትክልቱን ውሃና ምግብ ይሻማል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። አረም ሰውንም ሊገድል እንደሚችል ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

በ1994 ዓ.ም. ገደማ ከዋግ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ መነሻው ያልታወቀ የጉበት በሽታ ታየ። ሕመምተኞቹን ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ጉበታቸው ያብጣል፤ በመጨረሻም ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል። በሽታው ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ ብዙ ሰው ገደለ። መርማሪዎች ለዓመታት ከፈተሹ በኋላ ምክንያቱ ከእህሉ ውስጥ ተገኘ። በሳይንሳዊ ስሙ አጀራተም የሚባል፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ አበባ ያለው፣ ሲያሹት የፍየል ሽታ የሚሸት አረም ከሰብሉ ጋር አብሮ ታጭዶ፣ ፍሬውም ከእህሉ ጋር ተደባልቆ ይፈጭ ነበር። በዚህ አረም ውስጥ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል፣ በጉበት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚደፍን መርዝ አለ። እንጀራው ቢጋገር መርዙ ይጠፋል ብሎ መታመን አይገባም። በሽታው በሸለቆው ስም የሒርሚ ሸለቆ የጉበት በሽታ ተብሏል። በ1994 የተጀመረው መከራ ምርመራው በሰፊው ታትሞ ሲወጣ ዘመኑ 2006 ዓ.ም. ነበር። እዚያው ጥናት ውስጥ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይም ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

ሁለተኛው ምሳሌ አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ነው። ይህን ተክል በየጉድፉና በየጓሮው ጥግ የማያውቀው የለም። ፍሬው ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የተበላ እንደሆነ አፍ ይደርቃል፤ የዐይን ብሌን ይሰፋል፤ ሰውየውም ይቀባዥራል፤ የአማርኛ ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. በኡጋንዳ በካራሞጃ አገር በዚህ ተክል ፍሬ የተበከለ የእርዳታ ዱቄት ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን አሞ 5 ሰዎች ሞተዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው ትምህርት አጭር ነው፤ አረም ሳያብብ ይነቀል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ያላፈራ አረም ለብስባሽ ጉድጓዱ ምግብ ነው፤ ያፈራ አረም ግን ተለይቶ ይቃጠል። በማሽላ ሥር የሚጣበቀው አቀንጭራ አንዱ ተክል በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ጥቃቅን ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ቸልተኝነት የብዙ ዓመት ዕዳ ይሆናል። ቅንጬ አረም የሚነቅል ሰው ደግሞ እጁን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ይሸፍን፤ ቆዳን ያሳክካል፤ አስም ያለበትንም ሰው ያፍናልና።

በአትክልቱ መካከል ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ማንጠፍ አረሙን ከማፈኑም በላይ ውሃ ይቆጥባል። ለጤፍና ለማሽላ የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ የተባለ ፀረ አረም ግን ወደ ጓሮ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ይህ ኬሚካል የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ተክል ነው፤ ጎመኑም ቲማቲሙም ቃሪያውም ቅጠለ ሰፊ ናቸው።

3ኛ፤ ስለ ተባይ

ተባይን መከላከል የሚጀምረው ተባዩ ሳይመጣ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተ ዘመድ ተክሎች ስለሆኑ በአንድ መደብ ላይ ተከታትለው አይተከሉ፤ የአንዱ በሽታና ተባይ ሌላውን ይጠብቀዋልና። ችግኝ ሲተከል በግንዱ ዙሪያ አመድ ቢነሰነስ ቆራጭ ትል እንዳይቀርበው ይረዳል። የጎመን ትል በማለዳ በእጅ ይለቀማል፤ እንቁላሉም ከቅጠሉ ጀርባ ተፈልጎ ይደመሰሳል። ይህን ሥራ ልጆች ይወዱታል። ክሽክሽ የያዘውን ቅጠል በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳሙና አሟሙቶ ማርከፍከፍ ይበቃል።

ይህ ካልበቃ ኒም አለ። እኔ ትምህርቴን በተከታተልሁበት በህንድ አገር የቤት እመቤቶች የኒም ቅጠል አድርቀው ከእህል ጋር በጎተራ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ዛፉ ሙቀትንና ድርቅን የሚችል በመሆኑ ለቆላ አገር ይስማማል። 50 ግራም የኒም ፍሬ ውስጡ ተወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግስቱ በጨርቅ ተጠሎ፣ ጥቂት ሳሙና ተጨምሮበት፣ ወደ ማታ ይረጫል። ማታ የሚደረገው ፀሐይ ኀይሉን ቶሎ ስለምታጠፋው ነው። ከአገር የበቀለ ነገር ሁሉ ግን የዋህ አይደለም፤ የትምባሆ ቅጠል ውሃ በቆዳ ሰርጎ የሚገባ ብርቱ መርዝ ስለሆነ ለጓሮ አትክልት አይመከርም።

4ኛ፤ «መድኃኒት» ስለምንለው መርዝ

ለታመመ ሕፃን የሚሰጠውን ሽሮፕና በትል ላይ የሚረጨውን ኬሚካል በአንድ ስም «መድኃኒት» ብለን እንጠራለን። ከብዙው አደጋ በስተጀርባ ያለችው ይህች ስም ናት። መድኃኒት የተባለ ነገር ለእህሉ፣ ለቅማሉና ለቁስሉም የሚበጅ መስሎ ይታያል። የዲዲቲ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ዲዲቲ ለወባ ትንኝ በቤት ግድግዳ ላይ እንዲረጭ የታዘዘ ነበር፤ ነገር ግን ከግድግዳው ወደ ማሳና ወደ ጎተራ ሾልኮ ገባ። በሰውነት ስብ ውስጥ እየተጠራቀመ በእናት ጡት ወተትም ይተላለፋል። ኋላ ትንኞቹ ስለ ተለማመዱት በቤት ርጭቱ ሌሎች ኬሚካሎች ተተክተዋል፤ እነዚህንም ቢሆን በአትክልት ላይ ማዋል ክልክል ነው ብሎ ማወቅ ይገባል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥና እንዳይሠራበት ደንግጋለች።

እንግዲህ ሌላው ዘዴ ሁሉ ካልረዳና መርዝ ግድ ከሆነ፣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ሳያማክሩ አይገዛ። በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ በገበያ የሚሸጥ አይገዛ፤ ሕፃናት መጠጥ መስሏቸው የሚጠጡት እንዲህ ያለውን ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከርጭት ይራቁ፤ የሚረጨውም ሰው አፉን፣ አፍንጫውንና እጁን ሸፍኖ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይርጭ። ከተረጨ በኋላ በዕቃው ላይ የተጻፈው የቀን ቁጥር ሳይሞላ አትክልቱ አይቀጠፍ። መርጫው በምንጭ ወይም በተከዜ ወንዝ አይታጠብ፤ ባዶ ዕቃውም ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይሁን እንጂ ዘይትና ውሃ አይቀዳበት። አበባ ላይ በቀን መርጨትም ንብን መፍጀት ነው። ማሩ በየአገሩ የተመሰገነለት የዋግ ንብ አርቢ ይህን ሊነግሩት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ጎረቤቱ ግን ይስማ።

ከረጨ በኋላ ምራቁ የበዛ፣ ላብ ያጠመቀው፣ የሚያስታውክ፣ የዐይኑ ብሌን የጠበበ፣ ጡንቻውም የሚንቀጠቀጥ ሰው በመርዝ ተይዟል። ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ የመርዙንም ዕቃ ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ወተት ማጠጣትና በግድ ማስታወክ ጉዳቱን ሊያብስ ስለሚችል አይደረግም።

በመጨረሻም ከጓሮ የተቀጠፈ አትክልት ሁሉ በንጹሕ ውሃ እየተለቃለቀ ይታጠብ፤ የቀጠፈውም እጅ በሳሙና ይታጠብ። እበቱን አብላሉ፤ አረሙን ሳያብብ ንቀሉ፤ ትሉን በእጅና በኒም ተዋጉ፤ መርዙን ለመጨረሻ አቆዩት። ብስባሹን ለመጀመር የሚያስፈልገው አካፋና የአንድ ቀን ጉልበት ነው፤ ጉድጓዱ ዛሬ የተቆፈረ እንደሆነ ከአራት ወር በኋላ ለመደቡ የሚሆን ማዳበሪያ ዝግጁ ይሆናል።