ሲም ካርድም አገር አለው

የኔዘርላንድሷ ዴን ሃግ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ከተማ አይደለችም።  እዚያ በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ብዙ ወገኖቻችንን አስተምሯል፤ አጠገቧ ባለችው ዴልፍት ደግሞ የውሃ መሐንዲሶቻችን ይማራሉ። እዚያ የደረሰ ሰው ግን በአንድ ከተማ አይወሰንም። ብራስልስ ዘመድ አለው፣ ፍራንክፈርት ጓደኛ አለው፣ ለንደን ሠርግ ይጠራል። በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ድንበር ሲሻገር የስልክ ወጪውን ከምንም በላይ የሚወስነው ሲሙ የየት አገር መሆኑ ነው።

እያንዳንዱ ሲም ከስልክ ቁጥራችን የተለየ፣ እስከ 15 አኃዝ የሚደርስ መለያ ይዟል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ 636፣ የኔዘርላንድስ 204 ነው። መንገደኛው ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ስልኩን ሲከፍት የሆላንዱ ኔትወርክ 636ን ያነብና ስለ ደንበኛው አዲስ አበባን ይጠይቃል። ሲሙና ሲሙን ያወጣው ኩባንያ ብቻ የሚያውቁት አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። አዲስ አበባ ያለው ኩባንያ በዘፈቀደ የወጣ ቁጥርና በቁልፉ የተሰላውን መልስ ይልካል። የሆላንዱ ኔትወርክ ቁጥሩን ብቻ ለሲሙ ሰጥቶ ያስሰላዋል፤ ሁለቱ መልሶች ከተገጣጠሙ መስመሩ ይከፈታል። ቁልፉ ራሱ በአየር ላይ አይወጣም። ሲሙን ያወጣው ኩባንያ በዚህ መንገድ ለደንበኛው ዋስ ይሆናል፤ ዋስ በመሆኑም ሂሳቡ የሚላከው ለእርሱ ነው።

ዳታውም በአብዛኛው አቋራጭ አያውቅም። ዴን ሃግ ተቀምጠን በኢትዮጵያ ሲም የምንከፍተው ድረ ገጽ መጀመሪያ ወደ ሲሙ አገር ይሄዳል፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ከዚያ ነው። የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ይህን ትራፊክ ከሚለዋወጡባቸው ትልልቅ ማዕከሎች አንዱ አምስተርዳም ውስጥ ይገኛል። ምልልሱ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሮሚንግን፣ ማለትም በሌላ አገር ኔትወርክ መጠቀምን፣ ውድ የሚያደርገው ይህ ቴክኒክ አይደለም፤ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የሚዋዋሉት የጅምላ ዋጋና በላዩ የሚከምሩት ትርፍ ነው።

ዋጋው የውል ጉዳይ መሆኑን ቀድሞ በተግባር ያሳየው የእኛው ክፍለ ዓለም ነው። ሱዳን የተወለደው ሞ ኢብራሂም በ1998 የመሠረተው ሴልቴል ዋና መሥሪያ ቤቱ ኔዘርላንድስ ነበር። ይህ ኩባንያ በ2006 በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ያሉ ደንበኞቹ ድንበር ተሻግረው በአገሬው ታሪፍ እንዲደውሉ፣ የሚመጣላቸውንም ጥሪ ያለ ክፍያ እንዲያነሱ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያውን የሮሚንግ ዋጋ ጣሪያ ያወጣው በቀጣዩ ዓመት በ2007 ሲሆን፣ ተጨማሪውን ክፍያ ያስቀረው ደግሞ ጁን 15 ቀን 2017 ነው። አሁን የኅብረቱ 27 አገሮች፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይን በዚህ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ዩክሬንና ሞልዶቫም ተጨምረዋል። ሕጉ እስከ 2032 ይጸናል።

እንግዲህ ብዙ አገር የሚዞር ሰው ሲሙን ኅብረቱ ውስጥ ቢገዛ ይሻለዋል። ኔዘርላንድስ ለዚህ ትመቻለች፤ ጀርመን ከ2017 ጀምሮ የቅድመ ክፍያ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ስትጠይቅ፣ በኔዘርላንድስ ግን ይህ ግዴታ የለም። የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው ኩባንያዎች ሦስት ናቸው፦ ኬፒኤን፣ ቮዳፎን እና እስከ 2023 ቲ-ሞባይል ይባል የነበረው ኦዲዶ። እንደ ሌባራና ላይካሞባይል ያሉት ከእነዚህ ኔትወርክ እየተከራዩ ይሸጣሉ፤ ወደ ውጭ አገር በርካሽ በማስደወል የታወቁ በመሆናቸው ለስደተኛ ይበጃሉ። ይህን ነገር አጥብቄ የምናገረው፣ የአውሮፓው ሕግ ወደ 251 የሚደረግን ጥሪ ስለማይነካ ነው። ቤተሰቡን በመደበኛ ስልክ የሚያገኝ ሰው የኢትዮጵያን ደቂቃ ዋጋ ሳያይ ጥቅል መግዛት የለበትም።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ዴን ሃግ ሆኖ በሆላንድ ሲም ጀርመን መደወል ሮሚንግ ስላልሆነ የሮሚንጉ ሕግ አይመለከተውም፤ ጀርመን ገብቶ በዚያው ሲም ሆላንድ መደወል ግን እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይቆጠራል። ያልተገደበ የሚባል ጥቅልም ውጭ አገር ገደብ ሊኖረው ይችላል። ስሌቱ የጥቅሉን ዋጋ ያለ ቫት በሁለት አባዝቶ ለጅምላው ጣሪያ ማካፈል ነው። የ2026 ጣሪያ ለአንድ ጊጋባይት 1.10 ዩሮ ስለሆነ፣ ያለ ቫት 20 ዩሮ የሆነ ጥቅል ቢያንስ 36 ጊጋባይት ያህል ያስገኛል። ሕጉ በአገሩ ለሚኖር ወይም ጽኑ ግንኙነት ላለው ሰው የተጻፈ በመሆኑ ኩባንያው ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። በአራት ወር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ቆይቶ አብዛኛውንም ውጭ የተጠቀመ ደንበኛ ከ14 ቀን ማስጠንቀቂያ በኋላ ተጨማሪ ሊከፍል ይችላል።

ገንዘብ የሚበላው ግን ከሁሉ በላይ የካርታው ቀዳዳ ነው። ስዊዘርላንድ በሕጉ ውስጥ የለችም፤ ባዝል አጠገብ ስልኩ ሳናዝዘው የስዊስ ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ብሪታንያም ከኅብረቱ ወጥታለች፤ ከሮተርዳም በባቡር ለንደን የሚሄድ ሰው ጥቅሉ እዚያ መሥራቱን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከሁክ ፋን ሆላንድ ወደ ሃሪች በመርከብ የሚሻገር ደግሞ የባሰ ያጋጥመዋል፤ የመርከቡ ኔትወርክ በሳተላይት ስለሚሠራ የዋጋው ጣሪያ አይመለከተውም። መርከቡ ወደብ ሳይለቅ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ ማድረግ ነው።

የኢትዮጵያው ሲም ከስልኩ አይውጣ፤ የባንክና የቴሌብር ኮድ የሚመጣው በእርሱ ነው። ሁለት ሲም ወይም ኢሲም (ካርድ የሌለው ሲም) በሚይዝ ስልክ የኢትዮጵያውን የዳታ ሮሚንግ አጥፍቶ፣ ዳታውን ለሆላንዱ መስጠት በቂ ነው። ለጉዞ ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡ ኢሲሞችም አሉ፤ ስዊዘርላንድንና ብሪታንያን ጨምረው የሚይዙት ይጠቅማሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስልክ ቁጥር የላቸውም።

በአውሮፓ ዋጋውን ያወረደው የመንግሥታት ስምምነት ነው። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ሩዋንዳም ከ2014 ጀምሮ በመካከላቸው የሮሚንግ ዋጋን በስምምነት ቀንሰዋል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ ናይሮቢና ጅቡቲ ለሚመላለሰው ነጋዴ፣ ሾፌርና ሕመምተኛ ሲሉ ከጎረቤቶቻችን ጋር ለዚሁ ዓይነት ውል ይቀመጡ።