አሮጌው ሳንጃ ከጠመንጃው ከተለየ በኋላ ምን ይጠቅማል?

ቡሌ፦ ጠመንጃው በርክክብ፣ በሽያጭ ወይም በብልሽት ከቤት ወጥቶ ሳንጃው ብቻ በሣጥን ሥር የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ሳንጃ የወረሰ አርሶ አደር ብዙውን ጊዜ ሦስት ምርጫዎች ይታዩታል፦ ስሎ ለጓሮ ሥራ ማዋል፣ ለብረት ቀጥቃጭ ሰጥቶ ቢላ ማስወጣት ወይም ለቆራሌው መሸጥ። ከሦስቱ አንዱን ከመምረጡ በፊት ግን በእጁ ያለው ብረት ምን እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ተቀጥቅጦ ቅርጹን የለወጠ ሳንጃ ወደ ነበረበት አይመለስምና።

የአሮጌ ጠመንጃዎች መንገድ

በኢትዮጵያ የሚታወቁት የአሮጌ ጠመንጃ ስሞች የመጡበትን አገር ይናገራሉ። ውጅግራ የፈረንሳይ ሠራዊት በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የግራ ጠመንጃ ነው። ለበን ከፈረንሳዩ ሌበል፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር፣ ቤልጅግም ከቤልጅየም ስማቸውን ወስደዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል በሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ጠመንጃዎች ተማርከዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጠላት ካርካኖ፣ ቆይቶም የአሜሪካና የሶቪየት መሣሪያዎች ተጨምረዋል።

አብዛኞቹ በሠሪዎቻቸው አገር አዲስ ሞዴል ሲተካቸው ከአገልግሎት የወጡ፣ ወደ ሌላ አገር የተሸጡ ወይም የተሰጡ ነበሩ። ሳንጃውም አብሮ መጥቷል።

በጌዴኦ ምድር የነፍጥ ታሪክ የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። ነፍጠኛ የሚለው ስያሜ ራሱ ከነፍጥ የወጣ ሲሆን፣ የገባርነት ሥርዓት የቆመውም በዚሁ መሣሪያ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሚቺሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ በተነሡ ጊዜ፣ በአብዛኛው ጦርና መሰል መሣሪያ ይዘው ጠመንጃ የታጠቀውን ወገን ገጥመዋል። ስለዚህ በአንድ ቤት የተገኘ ሳንጃ የአርበኛ ወይም የወታደር አያት ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ቤት ደግሞ ከባላንጣ የተገኘ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ሳንጃ ሁሉ አንድ አይደለም

የውጅግራ ሳንጃ ስለቱ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የእጀታው ጫፍ ናስ፣ መያዣው እንጨት ነው። ስለቱ ጠባብ ሲሆን ደንደሱ ሰፋ ያለ ነው፤ በዚያም ላይ የተሠራበት ፋብሪካና ዘመን በእጅ ጽሕፈት መልክ ተቀርጾ ይገኛል። የለበን ሳንጃ ተመሳሳይ ርዝመት ቢኖረውም ስለት የለውም። እንደ መስቀል አራት ጠርዝ ያለው ወስፌ መሰል ዘንግ ስለሆነ ከመውጋት በቀር ምንም አይቆርጥም። የሩሲያው ሞሲን ሳንጃም እንዲሁ ባለ አራት ጠርዝ ነው፤ ጫፉ ሾጣጣ ሳይሆን እንደ ካቻቪቴ ጠፍጠፍ ያለ ነው።

የ1895 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነው የምንሽር ሳንጃ አጭር ነው፤ ስለቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ልዩ ምልክቱ በጠመንጃው ላይ ሲወደር የሚቆርጠው ጎኑ ወደ ላይ መዞሩ ነው። የካርካኖው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሁሉም የሚያጥረው የክላሹ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በክላሹ ሳንጃ ስለት ላይ ያለው ቀዳዳ ከአፎቱ ጫፍ ጋር ሲገጣጠም ሽቦ መቁረጫ ይሆናል።

ይህ ልዩነት የዘመንን ለውጥ ያሳያል። ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ እንደገና ይጎርስ በነበረበት ጊዜ ረጅሙ ሳንጃ ጠመንጃውን ወደ ጦርነት ይለውጠው፣ በተለይም ፈረሰኛን ይመክት ነበር። ጠመንጃው ደጋግሞ መተኮስ ሲጀምር ሳንጃው አጠረ፤ በመጨረሻም የወታደር የሥራ ቢላ ሆነ።

ለጓሮ ሥራ ለምን አይመችም?

የሳንጃ ብረት መጥፎ አይደለም። ሲወጉበት እንዳይሰበር እንደ ምንጭ ብረት እንዲለጠጥና እንዲመለስ ሆኖ የተሠራ ነው። ችግሩ ቅርጹ ላይ ነው። ገጀራ ሰፊና ወደ ጫፉ የሚከብድ በመሆኑ ክንድ ሲሰነዝረው ክብደቱ ራሱ ይቆርጣል። ሳንጃ ግን ጠባብ ነው፤ ክብደቱም ወደ እጀታው ያደላል። ቅርንጫፍ ሲመቱበት ይነጥራል፤ መሬት ሲቆፍሩበት ረጅሙ ይጎብጣል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በደንብ ያልተሳሉ በመሆናቸው፣ ለመሳል የሚጠፋው ድካም አዲስ ቢላ ከመግዛት የማይሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዕለት ሥራ የሚረዱት እንደ ምንሽርና እንደ ክላሽ ያሉት አጫጭሮቹ ብቻ ናቸው።

ለእንሰት አምራቹ የቡሌ ደጋ ደግሞ ሌላ ከባድ ምክንያት አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ የተበከለ ቢላ ነው። ሳንጃ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚገባበት ቀለበት፣ በእጀታው ውስጥ ያለ ስንጥቅ፣ የምንጭ ቁልፍና በስለቱ ጎን የሚሄድ ጎድጓዳ መስመር አለው። የእንሰቱ ፈሳሽና አፈሩ እነዚህ ቦታዎች ውስጥ ይቀራል፤ በጨርቅ መወልወልም አያወጣውም።

ቢላን ከተክል ወደ ተክል ሲሸጋገሩ በእሳት ማንበልበል ወይም ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና ማጠብ የሚመከር ዘዴ ነው። ነገር ግን ብረቱ በእሳት ሲሞቅ 220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እንደ ገለባ ቢጫ፣ 300 ገደማ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ በላይ እየጋለ ሲሄድ ጥንካሬው ይቀንሳል። በረኪናም ካልታጠበና ዘይት ካልተቀባ ብረትን ያዝጋል። ስለዚህ ለእንሰት ማሳ ያለ ቀለበትና ያለ ስንጥቅ የተሠራ፣ በቀላሉ የሚጸዳ ተራ ቢላ ይሻላል።

ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሲወሰድ

ሳንጃን አግሎ ቢላ ወይም ማጭድ ማድረግ ይቻላል፤ ጥሩ ብረት ስለሆነም ስለት ይይዛል። ይሁን እንጂ ተቀጥቅጦ ከተሳለ በኋላ እንደገና አግሎ ውሃ ማጠጣትና በመጠኑ ማለዘብ ያስፈልገዋል። ይህ ካልተደረገ ወይ ቶሎ ይደንዛል፣ ወይ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የመኪና ባሌስትራም ለዚሁ ሥራ የሚበቃ ብረት ነው፤ ከሳንጃው ሰፊና ወፍራም በመሆኑም ለገጀራ ይበልጥ ይመቻል። ባሌስትራ ባለበት ሳንጃን ማቅለጥ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ለመጠቀምም ሆነ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እጀታው ሥር ስንጥቅ፣ በአፎቱ ጫፍ የተጠራቀመ ውሃና ዝገት መኖሩን ይመልከት። ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ማስለቀቅ እንጂ በሞረድ መፋቅ አይገባም። ሞረድ የተቀረጸውን ጽሑፍና ቁጥር ያጠፋልና።

የጽሑፉ ዋጋ

ያ ጽሑፍና ቁጥር ሳንጃው የት፣ መቼና ለየትኛው ጠመንጃ እንደተሠራ የሚናገር ምስክር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ ክምችት የነበሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች አማካይነት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። በዚያ ገበያ ሳንጃው አብሮት ያለ ጠመንጃ ከሌለው ይበልጣል። በቆራሌው ሚዛን ግን ሁሉም ብረት በኪሎ ይታያል። ይህ ማለት ዕቃውን ወደ ውጭ መላክ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ጠመንጃው ካለ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሳንጃ የተገኘበት ቤተሰብ ለወረዳው ፖሊስ አስታውቆ፣ ታሪኩን ከሽማግሌዎች ጠይቆ ቢጽፍና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢያሳይ ይመረጣል።

ጥንቃቄው ለሕግ ብቻ አይደለም። በሳንጃ የተወጋ ቁስል አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ ስለሆነ ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል፤ ሕፃናት ከሚደርሱበት ቦታ መራቅ አለበት። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ለቅጠል መቁረጫ የተያዘ ሳንጃ ለቅጠል መሆኑን ከሩቅ የሚያይ ሰው ሊያውቅ አይችልም። በሶንጎ ሽማግሌዎች ፊት ሰላም በሚወርድበት አካባቢ፣ ወደ ገበያም ሆነ ወደ አዋሳኝ ማሳ ሳንጃ ታጥቆ መሄድ ያልታሰበ ጠብ ሊቀሰቅስ ይችላል። ለማሳው ቢላው ይበቃል፤ ሳንጃው ዘይት ተቀብቶ፣ ታሪኩ ተጽፎለት፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።