ከሐረር ፔጆዎች የምንማረው ሞተር መቀየርን አይደለም

ባጃጅ ገበያቸውን ቢሻማም የሐረር መለያ ሆነው የኖሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ከብዙ ሾፌሮቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። ሞዴሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የአውቶሞቢሉ ምርት በ1975 ቆሟል። ይህን የሚያይ ሰው «ካርቡሬተር ይሻላል» ቢል አይፈረድበትም። ኢንጀክሽኑ ያስቸገረውን አዲስ የቤንዚን ፒክአፕ ሞተር አውርዶ አሮጌ የካርቡሬተር ሞተር ማስገጠምም ከዚሁ የሚመነጭ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለን መኪና እንደምንም ማቆየት ይበልጥ ያጓጓል። ፔጆዎቹ ግን የሚመሰክሩት ሌላ ነው። ዕድሜ የሰጣቸው ካርቡሬተሩ ብቻውን አይደለም፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ታንኩ እርስ በርስ እንዲስማሙ ታስበው መሠራታቸው ነው። ሞተሩን ነጥሎ ሌላ መኪና ውስጥ መክተት ይህንኑ ስምምነት ማፍረስ ነው።

የልዩነቱ ሥር ነዳጁ የሚቀርብበት መንገድ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን በራሱ ስቦ ይወስደዋል። በኢንጀክሽን ግን ሴንሰሮች የአየሩን መጠንና የሞተሩን ሙቀት ይለካሉ፣ ኮምፒዩተሩ ያሰላል፣ ኢንጀክተሩ ልኩን ይረጫል። ስለዚህ የኢንጀክሽኑ ፖምፓ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ባር ግፊት ይሰጣል፤ ካርቡሬተር የሚችለው ግን ከ0.3 ባር ብዙም አያልፍም። ፖምፓው ሳይቀየር ሞተሩ ብቻ ከተገጠመ ቤንዚን ካርቡሬተሩን አጥለቅልቆ ይፈስሳል፤ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ደግሞ እሳት ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ የሚቀይረው ከዚያው ኮምፒዩተር በሚያገኘው መረጃ ሊሆን ይችላል። በዳሽቦርዱ ላይ ያሉ ጠቋሚዎችም ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። በርካሽ የተጀመረው ሥራ በዚህ መልኩ ሰንሰለቱን እየጎተተ ይሄዳል።

የሐረር አቀማመጥም ለኢንጀክሽን ያደላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ለጠረፍ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጥሩ መካኒክ ለሐረር ሊያስተካክለው ይችላል። ግን ያው መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ፣ ይልቁንም ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ሲዘልቅ፣ ልኩ እንደገና ይዛባል። ኢንጀክሽን ይህን ሁሉ በጉዞ ላይ ራሱ ያርማል።

«ሴንሰር ሲበላሽ መመርመሪያ መሣሪያ ከየት ይመጣል? ካርቡሬተር ግን በካቻቪቴ ይፈታል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነትነት አለው፤ የመኪና ዕድሜ የሚረዝመው በአካባቢው ባለ ሙያ ልክ ነው። ሆኖም ኢንጀክሽንን የሚያስወቅሱ ብዙ ብልሽቶች ከኮምፒዩተሩ የሚመነጩ አይደሉም፤ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የላላ የባትሪ ማሰሪያ፣ የዛገ የሻንሲ ገመድ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር ናቸው። እነዚህም በመፍቻና በእጅ ይደረሳሉ። ለካርቡሬተርም ቢሆን የቆየ መለዋወጫ ማፈላለግ በየዓመቱ እየከበደ መሄዱ አይቀርም። ፔጆ ራሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የ404ን የኢንጀክሽን ዓይነት አምርቶ ሸጧል።

ይህ ማለት ግን ቅያሪው በጭራሽ አይሠራም ማለት አይደለም። የቶዮታ 22አር እና 22አርኢ እንደ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም 2.4 ሊትር ሲሆኑ የመጀመሪያው ካርቡሬተር፣ ሁለተኛው ኢንጀክሽን አለው። እንዲህ ዓይነት ዝምድና ካለ፣ ኮምፒዩተሩም መተኪያ ከታጣለት፣ ፖምፓውም ባለ ዝቅተኛ ግፊት ከሆነ ሥራው ያስኬዳል። ያኔም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር ለውጡን ማስመዝገብ ግድ ነው፤ ካልሆነ መኪናው በዓመታዊ ምርመራም በሽያጭም ጊዜ ባለቤቱን ያስቸግራል። ከዚህ ውጭ ላለው ባለመኪና ምክሩ አጭር ነው፦ ሞተር ከማውረድህ በፊት ፊልትሮውን ቀይር፣ የባትሪውንና የሻንሲውን ገመድ አጥብቅ፣ ኢንጀክተሮቹን አሳጥብ።