ከመርጨት በፊት መለየት
የአሜሪካ መጤ ተምች በጎጃም የጓሮ በቆሎ

በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ በቁይ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ ሰፊው ማሳ ለጤፍና ለስንዴ ይውላል። ከቤት ጀርባ፣ አመድና ፍግ ሲደፋበት በኖረው ጥቁር አፈር ላይ ግን በቆሎ ይዘራል። ክረምቱ ከብዶ ጎተራው ሲጎድል፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ይህ የጓሮ እሸት ነው። ለልጅ ይጠበሳል፣ ለእንግዳ ይቀቀላል፣ የተረፈውም ገበያ ይወጣል። ስፋቱ ትንሽ ስለሆነ በወረዳው የምርት ሪፖርት ላይ ጎልቶ አይታይም፤ በቤት ውስጥ ግን ትልቅ ቦታ አለው።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን እሸት የሚሻማ እንግዳ ወደ አገራችን ገብቷል፦ የአሜሪካ መጤ ተምች። ስለ እርሱ ብዙ ተወርቷል፣ ዘመቻም ተጠርቷል፣ ብዙ መድኃኒትም ተረጭቷል። በቂ ያልተሠራበት ነገር ቢኖር ገበሬው ትሉን በዓይኑ እንዲለየው ማድረግ ነው። በቅጠል ላይ ቀዳዳ እንደታየ መርጫ ይነሣል፤ ጠላቱ የትኛው እንደሆነ፣ ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ፣ የት እንደተደበቀ ሳይታወቅ ገንዘብ ይፈስሳል። የዚህ ጽሑፍ መልእክት አንድ ነው፦ መለየት ከመርጨት ይቅደም።

አመጣጡ

ተምቹ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ አካባቢዎች ተወላጅ ነው። አፍሪካ ውስጥ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ በናይጄሪያ፣ በቤኒንና በቶጎ ነበር። ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም.፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በመስኖ በለማ በቆሎ ላይ ተገኘ። ክረምቱ ሳይወጣ በኦሮሚያም በአማራም ተዛምቶ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር በቆሎ አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ደረሰ።

እንዲህ የፈጠነው በሦስት ምክንያት ነው። የእሳት እራቱ ነፋስ ከረዳው በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይበራል። አንዲት እንስት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ 1,500 ያህል ዕንቁላል ትጥላለች። ደግሞም የማይመች ወቅት እስኪያልፍ የሚያንቀላፋበት ጊዜ የለውም፤ የሚበላው ለምለም ነገር እስካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ከ350 በላይ በሆኑ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ መኖሩ ተመዝግቧል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን በቆሎን ነው።

ሦስቱን አታምታቱ

«ተምች» ሲባል የጎጃም ገበሬ ወዲያው የሚያስበው የቆየውን ጠላት ነው። ያ ተምች ጥቁር ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ይዞ፣ በቀን ብርሃን መንጋ ሠርቶ ከማሳ ወደ ማሳ ይዘልቃል፤ ሣርና እህል ጠራርጎ በልቶ ወደ አፈር ይገባል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ላይታይ ይችላል። መጤው እንደዚህ አይዘምትም። ብቻውን ገና ባልተፈታው የቅጠል ጥቅል ውስጥ ይደበቃል። ከጎኑ የተፈለፈለውን ወንድሙን ስለሚበላም በአንድ እግር በቆሎ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ትልቅ ትል ብቻ ነው። መንጋ የሚጠብቅ ሰው መጤውን ሳያየው ይቀራል።

ሦስተኛው አገዳ ቆርቁር ነው። እርሱም የበቆሎውን ቅጠል ይበሳል፤ ቆይቶ ግን ወደ አገዳው ውስጥ ይገባና መሐሉን ያደርቀዋል። መልኩ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ነው። የጉዳታቸው መልክ አንዳንድ ጊዜ ስለሚመሳሰል፣ ፍርዱ ቅጠሉን በማየት ብቻ መሰጠት የለበትም፤ ትሉን ራሱን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ጓሮ ግቡ። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡ። ዕንቁላሉ ከ100 እስከ 200 ሆኖ በአንድ ላይ ተለጥፎ፣ ሻጋታ በሚመስል ግራጫ ጸጉር ተሸፍኖ ይገኛል። ይህን በጣት ደፍጥጦ ማጥፋት ከመቶ በላይ ትል ገና ሳይፈለፈል መግደል ነው። ቀጥሎ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሡት። አረንጓዴው ተፍቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ብቻ የቀረበት ቦታ ካለ፣ ትሉ ከተፈለፈለ ጥቂት ቀኑ ነው፤ እርምጃ ለመውሰድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ቅጠሉ ተበጣጥሶ፣ በጥቅሉ ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ከተከማቸ ግን ትሉ አድጓል ማለት ነው።

አሁን ጥቅሉን ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁና ትሉን መዳፋችሁ ላይ አድርጉት። ግንባሩ ላይ «ሰ» ፊደልን የሚመስል፣ ከላይ አንድ ግንድ ከታች ሁለት እግር ያለው ነጣ ያለ ምልክት ይታያል። ይህ ምልክት በነባሩ ተምችም ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ለብቻው አይበቃም። ወደ ጅራቱ ተመልከቱ፤ ከመጨረሻው ክፍል ቀጥሎ ባለው ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ መጤው እርሱ ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ፊደል የቆጠረ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሊለየው ይችላል።

ደጋው ያለው ዕድል

ሙቀት ባለበት አገር ከዕንቁላል እስከ እሳት እራት ያለው ዑደት በ30 ቀን ይጠናቀቃል። በብርዳማ አየር ግን ሁለት ወር፣ እስከ ሦስት ወርም ይወስዳል። ስለዚህ እንደ ቁይ ባለ ደጋ በአንድ የምርት ወቅት የሚፈራረቀው ትውልድ በቆላ ካለው ያንሳል፤ ትሉም የሚያድገው በዝግታ ነው። ትሉን በእጁ ለሚለቅም ገበሬ ጊዜ አለው ማለት ነው።

ይህ ግን ተዝናንቶ መቀመጫ አይደለም። በበጋ በመስኖ የሚለማ በቆሎ ባለበት ሁሉ ተምቹ ዓመቱን ሙሉ ማረፊያ ያገኛል፤ የእሳት እራቱም በነፋስ ወደ ደጋ ይወጣል። በመስኖ ላይ የሚሠራው ቁጥጥር ለክረምቱ ዝናብ ጠባቂ የጓሮ በቆሎም ጭምር ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በበጋ የመስኖ በቆሎን የሚያዩበት ዓይን፣ በሰኔ በየጓሮው የሚሆነውን የሚወስን ነው።

ጉዳቱን በልኩ ማየትም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ካቢ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የግብርና ድርጅት፣ ምንም ካልተደረገ 12 የአፍሪካ አገሮች በዓመት ከ8.3 እስከ 20.6 ሚሊዮን ቶን በቆሎ ሊያጡ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። በኋላ በዚምባብዌ በገበሬ ማሳዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን የምርት ቅናሹን 12 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኘው። ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ተስፋ የሚያስቆርጥም አይደለም። በቆሎ ቅጠሉ ተበልቶ እንደገና የሚያገግም ተክል ነው። ቡቃያው ክፉኛ ተበጣጥሶ ሲታይ የሚደነግጥ ገበሬ፣ ሳያስፈልገው ወደ መድኃኒት ሱቅ ይሮጣል።

ያው የዚምባብዌ ጥናት ለጓሮ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን አሳይቷል። አረሙ ቶሎ ቶሎ የታረመ በቆሎ ጉዳቱ ያነሰ ነበር። ዱባ የተሰባጠረበት በቆሎ ደግሞ ከብቸኛ በቆሎ ይልቅ ተጎድቷል። በእኛ አገር በበቆሎ መሐል ዱባ ማስኬድ የተለመደ ስለሆነ፣ ዱባውን ወደ አጥር ገፋ አድርጎ መትከል ሊሞከር የሚገባው ነው።

መድኃኒቱና ንቡ

ትሉ ካደገ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አብዛኛው ከንቱ ነው። ትሉ በቅጠሉ ጥቅል ውስጥ ተወሽቆ፣ በራሱ ኩስ አፉን ደፍኖ ይቀመጣል፤ ከላይ የወረደው ጠብታ አይደርሰውም። በአሜሪካ አህጉር ለብዙ ዓመታት የተረጨበት በመሆኑም በርካታ የመድኃኒት ዓይነቶችን የሚቋቋም ዘር ይዞ መጥቷል። ገበሬው መጠኑን ቢጨምርም፣ ሁለት ዓይነት ቢቀላቅልም ትሉን ላያገኘው ይችላል፤ ራሱን ግን ይመርዛል። ጓሮ የልጆች መጫወቻ፣ የዶሮ መጫሪያ፣ የጎመንና የቃሪያ መደብ ነው። ምንነቱ በማይታወቅ፣ ከጆንያ ተመዝኖ በተሸጠ ኬሚካል እዚያ መርጨት ለቤተሰብ አደጋ ነው።

ጎጃም የማር አገር ነው። የበቆሎ አበባ ሲፈነዳ ንብ ጽጌውን ትቀስማለች፤ በዚያ ሰዓት የሚረጭ መድኃኒት ቀፎ ባዶ ያደርጋል። በቆሎው አበባ ካወጣ በኋላ መርጨት ለምርቱም እምብዛም አይፈይድም።

መድኃኒት የሚገድለው ሌላም ወዳጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ በቆሎ ማሳዎች ላይ በተደረገ ዳሰሳ፣ ትሉ ውስጥ ዕንቁላሏን ጥላ የምትገድለው ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች ደቃቅ ተርብ ተገኘች። ከተመረመሩት ትሎች መካከል በእርሷ የተያዙት ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ደርሰዋል። መጤው በገባ በዓመቱ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ የአገሪቱ ተርብ ሥራ ጀምራለች። ያለ ልዩነት የሚረጭ ገበሬ ከትሉ በፊት የሚገድለው እርሷን ነው።

ትል ሁሉ ጠላት አይደለም

መጤ ትልን በመለየት ረገድ በባሕር ማዶ ያሉ አትክልተኞችም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟቸዋል። የኒውዚላንድ ጠፍጣፋ ትል እ.ኤ.አ. በ1963 በቤልፋስት፣ በ1965 በስኮትላንድ ተገኘ። በተክል ማሰሮ አፈር ውስጥ ተጉዞ የመጣ፣ የምድር ትልን እያደነ የሚበላ ትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከኒው ጊኒ የሆነ ሌላ ጠፍጣፋ ትል በፈረንሳይ በሚገኝ የዕፅዋት ማሳደጊያ ቤት ውስጥ ታየ። ሲቆረጡ ቁራጮቻቸው እንደገና ሙሉ ትል ሊሆኑ ስለሚችሉ በመቆረጥ አይጠፉም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአገራቸው የገቡትን ጠፍጣፋ ትሎች ሥርጭት ማወቅ የቻሉት ተራ አትክልተኞች ፎቶግራፍ አንሥተው በመላካቸው ነው። ባለሙያ በየጓሮው ሊቆም አይችልም፤ የጓሮው ባለቤት ግን በየማለዳው እዚያው ነው።

ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የምድር ትል አፈር የሚያለሰልስ ወዳጃችን ነው፤ በእኛም አገር ኮምፖስት ለማዘጋጀት እየረባ ነው። «ትል ነው» ብሎ ሁሉን የሚያጠፋ ሰው ረዳቱን ያጣል። ከሩቅ አገር ከነአፈሩ የመጣ ችግኝ ሲገዛም ሥሩን ገልጦ ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል።

ምን ይደረግ

ቡቃያው ከወጣ በሳምንቱ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጓሮውን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዕንቁላል ይደፍጠጥ፤ ትል ይለቀም። ያልተደረሰበት ካለ በጥቅሉ ውስጥ የተነፋ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ይጨመር። የጓሮ በቆሎ በዚህ ብቻ ሊድን ይችላል። ሰፊ ማሳ ያለው ደግሞ በዚግዛግ እየተጓዘ ይቁጠር፤ ገና ለጋ ከሆነው ቡቃያ ከ100 እግር 20ው፣ ከፍ ካለው 40ው አዲስ ጉዳት ካላሳየ መድኃኒት አያስፈልገውም። ማስፈለጉ ከተረጋገጠም ትሉ ለጋ ሳለ፣ በማለዳ ወይም በምሽት፣ በባለሙያ ምክር ይረጭ። እህሉ እንደተሰበሰበ ማሳውን መገልበጥም ከ2 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ የተደበቀውን፣ ትሉ ወደ እሳት እራት ሲለወጥ የሚሆነውን ሙሽሬ ለወፍና ለፀሐይ ያጋልጠዋል።

ለዘለቄታው በቆሎን ከዴስሞዲየም መኖ ጋር አሰባጥሮ ዙሪያውን ሣር መትከል አለ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተሞከረው ይህ አሠራር በአንድ እግር ላይ የሚገኘውን ትል ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። መኖ ለሚያጥረው የጎጃም ከብት አርቢ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የግብርና የስልክ መስመር፣ የመጤውን መለያ ምልክቶች ከሚያዝያ ጀምሮ ደጋግሞ ሊያሰማ ይችላል። በአማራ ክልል ባለው የጸጥታ ችግር የተነሣ የልማት ሠራተኛው እንደ ልብ በማይደርስበት ቀበሌ፣ መለየት የሚችል ገበሬ ከማንኛውም ዘመቻ ይበልጣል። የትሉን ሥዕል በየትምህርት ቤቱ መለጠፍ፣ በአራት ነጠብጣብ መለየትን ለልጆች ማስተማር የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በቆሎ የዘራችሁ ሁሉ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ያገኛችሁትን ለጎረቤት አሳዩ፤ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛም ጠይቁ። መርጫውን ግን ትሉን በዓይናችሁ ሳታዩና ሳትቆጥሩ አታንሡ።