«ፈርኔሎ»፦ የቃሉ አመጣጥና ሰዋስው

በመቱም ሆነ በጎሬ ጀበና ከሚጣድባቸው ዕቃዎች አንዱ ፈርኔሎ ነው። ይህ ቃል ግን «ባዕድ ነው» እየተባለ ከተማሪዎች ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ሲሰረዝና በምትኩ «የከሰል ማንደጃ» ሲጻፍ አያለሁ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ፍርዱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው።

ቃሉ የመጣው «ፎርኔሎ» ከሚለው የጣሊያንኛ ስም ነው። «ፎርኖ» ማለት የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ሲሆን፣ «-ኤሎ» የማሳነሻ ቅጥያ ነው። «ፎርኖ» ራሱም ወደ አማርኛ ገብቷል፤ ሆኖም «ፉርኖ ዱቄት» ስንል የምንጠራው መጋገሪያውን ሳይሆን የሚጋገረውን ነው። ጣሊያኖች ጎሬን የያዙት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ይሁንና የጣሊያንኛ ተጽዕኖ በአምስቱ ዓመት ብቻ አይወሰንም፤ ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረችና።

ወደ ሰዋስዉ ስንመለስ፣ በጣሊያንኛ የቃሉ ብዙ ቁጥር «ፎርኔሊ» ነው። አማርኛ ይህን አልተቀበለም፤ «ፈርኔሎዎች» ብሎ በራሱ ደንብ ያረባዋል። እንዲሁም «ፈርኔሎው»፣ «ፈርኔሎውን» ይላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የጾታው ነገር ነው። ጣሊያንኛ ቃሉን የሚያውቀው በተባዕታይ ጾታ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቡና አፍይዋ «እስቲ ያችን ፈርኔሎ አምጫት» ትላለች። አማርኛ ትንሽነትን በአንስታይ ጾታ ስለሚገልጽ፣ ዕቃዋ ሁለት ጊዜ አንሳለች ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በተረሳው የጣሊያንኛ ቅጥያ፣ ሁለተኛ ጊዜ በአማርኛው ጾታ።

«ማንደጃ» በበኩሉ ከ«አነደደ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። «ማንደድ» በሚለው ላይ «-ያ» ሲጨመር «ድ» ወደ «ጅ» ይለወጣል፤ «ማቀዝቀዝ» «ማቀዝቀዣ» እንደሚሆነው ሁሉ። ይህ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ዕቃው አገልግሎት ነው። «ፈርኔሎ» ደግሞ ዕቃውን ለይቶ ይጠራል።

ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ ቃሉ በትውልዱ ባዕድ ቢሆንም በእርባታው አማርኛ ሆኗል። በትውልድ ብቻ የምንፈርድ ከሆነ «መኪና»ም «ፖስታ»ም መሰረዝ ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ መምህራን ሁለቱንም ቃላት ከነልዩነታቸው ቢያስተምሩ ይሻላል እላለሁ። አለበለዚያ ተማሪው በቤቱ የሚሰማው አማርኛ ስሕተት ነው ብሎ ያድጋል።