ሃይ-ፖይንት ሲ9፦ ርካሹ ሽጉጥና የባለቤቶቹ ምስክርነት

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ሃይ-ፖይንት ሲ9ን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ከጎኑ ከተደረደሩት ከአብዛኞቹ ይልቅ ወፍራም፣ ከባድና መልከ ጥፉ ነው። ዋጋውም ከዝቅተኞቹ አንዱ ነው። ግሎክ 19 ከ500 ዶላር በላይ በሚጠየቅበት ገበያ ይህ ሽጉጥ ለብዙ ዓመታት አዲሱ ከ200 ዶላር በታች ሲሸጥ ኖሯል። የሚሠራው ኦሃዮ ውስጥ፣ በኮሎምበስና በክሊቭላንድ መካከል በምትገኘው ማንስፊልድ ከተማ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል፤ አፈሙዙ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወገቡ ላይ ታጥቆት የሚውል ሰው ብዙ አይደለም። ገዢው በአብዛኛው የሚፈልገው ለቤቱ ነው፤ ሌሊት በሩ ሲሰበር ባዶ እጁን ላለመገኘት።

የዋጋው ምስጢር ያለው አሠራሩ ላይ ነው። አብዛኞቹ የዘመናችን የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች የሚሠሩት ጆን ብራውኒንግ ከመቶ ዓመት በፊት በቀየሰው ዘዴ ነው። ቃታው ሲሳብ አፈሙዙና ከላዩ የሚንሸራተተው ብረት እንደተቆላለፉ ለቅጽበት አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የጋዙ ግፊት ሲበርድ ይላቀቃሉ። ይህ ቁልፍ በጥንቃቄ የተሞረደ ብረት ይፈልጋል፤ ጥንቃቄው ደግሞ ገንዘብ ነው። ሲ9 ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተተከለ ነው፤ ጥይቱ ወጥቶ ግፊቱ እስኪቀንስ ድረስ ቀለሃውን አፍኖ የሚያቆየው የተንሸራታቹ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። ለደካማ ጥይት ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ለ9 ሚሊ ሜትር ግን ተንሸራታቹ ያለ ልክ መክበድ አለበት። ሲ9 ሳይጎርስ 820 ግራም ገደማ የሚመዝነው ለዚህ ነው። ግሎክ 19 ባዶ ካዝናውን ይዞ 700 ግራም አይሞላም፤ ካዝናው ግን 15 ጥይት ይይዛል።

ያ ከባድ ተንሸራታች እንደ ሌሎቹ ከብረት ተጠርቦ የወጣ አይደለም። ዛማክ ከሚባል ቅይጥ የተሠራ ነው፤ አብዛኛው ዚንክ ሆኖ ጥቂት አሉሚኒየም፣ መዳብና ማግኒዚየም ይገባበታል። ዛማክ ሙቀቱ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይሞላ ስለሚቀልጥ በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫው ይፈስና የሽጉጡን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ከብረት ስለሚደክም ጥንካሬውን የሚያገኘው ወፍራም በመሆን ነው። መልኩን ያበላሸው፣ ዋጋውን ያወረደውና እጅ ላይ እንዲከብድ ያደረገው ይኸው አንድ ውሳኔ ነው። አፈሙዙ ግን ብረት ነው፤ እጀታው ፕላስቲክ።

ባለቤቶቹ ስለ ሽጉጡ የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው ሁለት ተቃራኒ ነገር ይሰማል፤ ሁለቱም እውነት ነው። በአንድ በኩል ተኩሱ ያማረ ነው ይላሉ። አፈሙዙ ስለማይንቀሳቀስ ጥይቱ ያነጣጠሩበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ክብደቱም ርግጫውን ስለሚውጠው ለጀማሪ አያስደነግጥም። የኋላ ማነጣጠሪያው የሚስተካከል መሆኑ ደግሞ በዚህ ዋጋ የማይጠበቅ ነው። በሌላ በኩል ተንሸራታቹን ስቦ ማቀባበል ጉልበት ይጠይቃል። ለሽማግሌ ወይም የእጅ አንጓው ለደከመ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ቤቱን ለመጠበቅ ርካሽ ሽጉጥ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ቃታው ሻካራ ነው። አዲስ ሆኖ መንከሱም የታወቀ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ያህል ጥይቶች እስኪያልቁ ታገሠው ይላሉ። ልምድ ያላቸው ግን ጥፋቱን ካዝናው ላይ ያገኙታል፤ የላይኛው ከንፈሩ በጥቂቱ ከጠበበ ወይም ከሰፋ ጥይቱ ወደ አፈሙዙ የሚገባበት ማዕዘን ይዛባል።

ለማጽዳት መፍታቱ ሌላው የሮሮ ምንጭ ነው። ሌሎች ሽጉጦች በአንድ ማንሻ ሲፈቱ ይህኛው መዶሻና መምቻ ይዞ ፒኑን ማስወጣት ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ሽጉጡን ጨርሶ ሳይፈታው በዘይትና በብሩሽ ብቻ የሚያጸዳው ባለቤት ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ዋስትናው ነው። ሽጉጡ አዲስ ተገዛ፣ ከሦስተኛ እጅ ተገኘ፣ ፋብሪካው አይጠይቅም፤ የተበላሸውን ተቀብሎ በነፃ ይጠግናል፣ ዕድሜ ልክ። ፋብሪካው ለደንበኞቹ ቅርብ መሆኑን ያሳየበት ሌላም አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲሱ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጡ ስም አውጡልኝ ብሎ ሕዝቡን ቢጠይቅ ብዙዎቹ “ዪት ካነን” የሚል የፌዝ ስም መረጡለት። ፋብሪካው መጀመሪያ ቢያመነታም ኋላ ስሙን ተቀበለው።

የባለቤት ምስክርነት ግን መመዘን አለበት። “አንድም ቀን አልከዳኝም” የሚለው ሰው ስንት ጥይት ተኩሶበታል? አንድ ፓኮ ሃምሳ ጥይት ተኩሶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውም፣ ሦስት ሺህ የተኮሰውም ይህንኑ ይላሉ፤ ቃላቸው ግን እኩል አይደለም። የቤት ሽጉጥ በተፈጥሮው ብዙ የማይተኮስበት መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ውዳሴ የመጣው ካልተፈተነ ሽጉጥ ነው። ብዙ የተኮሱት የሚሉትን ስሰማ ሚዛኔ ወደ ሽጉጡ ያደላል፤ ይሠራል። ቢሆንም እያንዳንዱ ሽጉጥ፣ እያንዳንዱ ካዝናም፣ ቤት ውስጥ ሊቀመጥ በታሰበው በዚያው ዓይነት ጥይት መሞከር አለበት። መለማመጃ ቦታ ላይ ክብ አፍንጫ ያለውን ጥይት ያለ ችግር የጎረሰ ሽጉጥ፣ ለመከላከያ የሚመረጠው አፍንጫው ክፍት ጥይት ሲሰጠው ሊነክስ ይችላል። አምስት መቶ ጥይት መግዛት ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ይቀራረባልና እዚህ ላይ ነው ርካሽነቱ የሚያልቀው።

ርካሽ ሽጉጥ በአሜሪካ የቆየ ክርክር አለበት። የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ርካሽና ትንንሽ ሽጉጦች ከውጭ እንዳይገቡ ሲያግድ፣ ክፍተቱን በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የተከፈቱ ፋብሪካዎች ሞሉት፤ ሬቨን፣ ጄኒንግስ፣ ሎርሲን የሚባሉት። እነሱም ዛማክ ይጠቀሙ ነበር፤ ብዙዎቹ በክስና በኪሳራ ጠፍተዋል። እንደ ኢሊኖይና ሃዋይ ያሉ ግዛቶች ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ማዕድን የተሠራ ሽጉጥ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። የሃይ-ፖይንት ስምም ንጹሕ ሆኖ አልቀረም፤ በ1999 በኮለምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ከተፈጸመባቸው መሣሪያዎች አንዱ የዚሁ ኩባንያ ጠመንጃ ነበር። ክልከላውን የሚቃወሙት፣ ራስን መከላከል ገንዘብ ላለው ብቻ የተፈቀደ ሊሆን ነው ወይ ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሌብነትና ዝርፊያ የሚበዛበት ሰፈር የሚኖረው ድሃው ነውና። ውጅግራና ምንሽር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ላየ ሀበሻ መሣሪያ የክብር ዕቃ ነው፤ ለሲ9 ባለቤት ግን ከሥራ መሣሪያ አይበልጥም፤ የሚጠይቀውም ይሠራል ወይስ አይሠራም ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሽጉጡ ሌባ በሌለባቸው ሌሊቶች ሁሉ የት እንደሚያድር ነው። በ2023 ፒው የምርምር ማዕከል ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ መሣሪያ ባለቤቶች 72 በመቶዎቹ ጥበቃ ከዋና ምክንያቶቻችን አንዱ ነው ብለዋል። በ2021 ግን በዚያች አገር በጥይት ከሞቱት ከ48 ሺህ በላይ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሕይወታቸውን ያጠፉት በራሳቸው እጅ ነው። በካሊፎርኒያ የተደረገና በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በጥይት ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ስምንት እጥፍ ያህል፣ ሴቶች ደግሞ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ስለ ሲ9 የሚከራከሩ ባለቤቶች ስለ ዛማክ ለሰዓታት ሲያወሩ ይህን ጉዳይ አያነሱም። ልጅ ባለበት ቤት፣ ወይም ኀዘንና ጭንቀት በገባበት ቤት፣ በጣት ኮድ የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ካልተገዛ ሽጉጡ ባይገዛ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለሣጥን የማይተርፍ በጀት ለሽጉጥም አይበቃም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በኮሎምበስ ለሚኖሩ አንባቢዎች ሕጉ አንድ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሄለር የተባለ ሰው ያቀረበውን ክስ አይቶ በቤት ውስጥ ለመከላከያ ሽጉጥ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ሲል የሻረው የዋሽንግተንን የሽጉጥ ክልከላ ነበር፤ ዛሬም ግን በከተማዋ እያንዳንዱ መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። በሜሪላንድ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የብቃት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል፤ ኦሃዮ እንዲህ ያለ ግዴታ የላትም። ፈቃድ ካለው ሻጭ የሚገዛ ሰው ቅጽ ይሞላል፤ በአብዛኛውም በኤፍቢአይ ወይም በግዛቱ በኩል ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ግን፣ የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕጉ የተቆጠረ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር፣ ሽጉጥ መግዛት ቀርቶ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጡ የፌዴራል ወንጀል ነው።